ከዚንኩ አጠገብ ያለው ሦስተኛ ክንድ

ጥቅምት 4

«ናሙናዎችን በማዘጋጀት ለተባበሩን የላቦራቶሪ ሠራተኞች ምስጋናችን ይድረስ።»

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለክቡር ፕሮፌሰር፣

ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ያንተ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም፣ አንድ ፊደል አልቀነስኩበትም። ከጽሑፍህ ጭራ ላይ፣ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ፊደል ታትሞ አገኘሁት። ከርዕሱ ሥር የአምስት ጸሐፊዎች ስም አለ። የመጨረሻው፣ የክብር ቦታው፣ ያንተ ነው። የኔ የለም።

«ሠራተኞች» ማለትህ ደንቆኛል። ያንን የጉበት ኤንዛይም ክሪስታል ያደረገው አንድ ሰው ነው። ዕቃ አጣቢያችንን እማማ ጠርሙስን ከቆጠርክ ሁለት እንሆናለን። ዓረፍተ ነገሩን አነበብኩላት። «እኔንም ጨምሮ ነው? እሱ ልጅ ድሮም ሰው ያከብር ነበር» አለችኝ። እንግዲህ የምስጋናህ ግማሽ ደርሷል ማለት ነው። ሌላውን ግማሽ መልሼልሃለሁ።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ኤንዛይሙን «እምቢታ» ብለን ስም ያወጣንለት አንተና እኔ ነን፤ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። አራት መቶ አሥራ ሁለት አሚኖ አሲዶች በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው፣ ሰንሰለቱ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ፣ መሀሉ ላይ አንዲት ጠባብ ኪስ ይሠራል። የኤንዛይሙ ሥራ ሁሉ የሚሠራው እዚያች ኪስ ውስጥ፣ በአንዲት የዚንክ አቶም ዙሪያ ነው። ኪሷ ምን እንደምትመስል ለማየት ራጅ ያስፈልጋል፤ ለራጁ ደግሞ ክሪስታል። እምቢታ አራት ዓመት ሙሉ ክሪስታል አልሆንም አለ። ሲብስበት እንደ አቧራ ይረግፋል፤ ሲሻለው እንደ መርፌ የቀጠነ ነገር ያወጣና ሲነኩት ይሰበራል። አንተ በሁለተኛው ዓመት ሰለቸህና ለስድስት ወር ሥልጠና ብለህ ውጭ አገር ሄድክ። ስድስት ወሩ ይኸው አምስት ዓመት ሆነው።

እኔ ቀረሁ። አራት ዲግሪ በሆነው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካፖርት ለብሼ፣ በድመት ጢም ስሠራ ኖርኩ። ጢሙን አሮጌው ክሪስታል ላይ አንዴ ዳበስ አድርጎ፣ በአዲሱ ጠብታ ውስጥ አንዴ ማሳለፍ፤ ዘሩ እንዲህ ነው የሚተላለፈው። እጅህ ከከበደ ጠብታው ይበላሻል፤ ከቀለለ ምንም አይበቅልም። ይህ በጽሑፍህ ውስጥ «በመደበኛ ዘዴ» ተብሎ ታልፏል። መደበኛ! እስቲ አንዱን መደበኛ ሰው ጢም አስይዘህ አሠራውና ውጤቱን ጻፍልኝ።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። አንተም የራጅ ማሽኑን ከነሞዴሉ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙን ከነእትሙ ጠቅሰሃል።

ስሜ ከጸሐፊዎቹ ጋር እንዲገባ ለመጽሔቱ የእርማት ጥያቄ አቅርብ። ያቀረብክበትንም ቅጂ ላክልኝ።

ታላቅ ወንድምህ


ጥቅምት 21

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል።

ለእህታችን ለእታለም በስልክ ያልካትን ነግራኛለች። አይ፣ ስምህን ያስወጣችው ባለቤቴ አይደለችም። እሷ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ስለ ኤንዛይም የምታውቀው እኔ ገበታ ላይ ያሰለቸኋትን ያህል ነው፤ ስላንተም እንደዚያው።

ረቂቁን ሦስት ጊዜ ላክሁልህ፤ መጋቢት ላይ፣ ግንቦት ላይ፣ ሐምሌ ላይ። ለአንዱም አልመለስክም። የመጽሔቱ ደንብ ረቂቁን አንብቦ በፊርማው ያላጸደቀ ሰው ጸሐፊ ሊሆን አይችልም ይላል። ልጅ ሳለን አንተ ስታኮርፍ እናታችን ምግብህን ከድና ታስቀምጥልህ ነበር። መጽሔት እናት አይደለም፤ ከድኖ አያስቀምጥም።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር ካልክ፣ ክሪስታል ማብቀል ቀላል ነው አላልኩም። ግን ክሪስታል ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም። መልሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ዚንኩን ሁለት ሂስቲዲንና አንድ ግሉታሜት የሚባሉ አሚኖ አሲዶች በሦስት አቅጣጫ እንደያዙት ያሳየሁት እኔ ነኝ። በአራተኛው አቅጣጫ ኤንዛይሙ የሚሠራበት የራሱ ሞለኪውል ተይዞ እንደተቀመጠ፣ የኪሷ ክዳንም ከፍ ብሎ እንደሚቆም ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሰው ጽሑፉን የሚጠቅሰው ለዚህ ነው እንጂ ለድመትህ አይደለም።

ስሜ የለም ትላለህ። ግማሹ አለ። የአባታችን ስም ከኔ ስም ቀጥሎ ታትሟል።

ታናሽህ


ኅዳር 3

ክቡር ፕሮፌሰር፣

በእህታችን በኩል ላስጠየቅከኝ መልሱ እነሆ፦ አይ፣ ጡረታ አልወጣሁም። የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ አሁንም አንገቴ ላይ ነው። ያንን ወሬ የነገረህን ሰው ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ቁልፉን ሲመኝ ነው የሚያረጀው።

አባታችንን ማስታወስህ ደስ ብሎኛል። ሌላ ልጅ እንዳለውም ቢታወስህ መልካም ነበር።

ረቂቆችህን ያልመለስኩት ስላላነበብኳቸው ነው። ኩርፊያ ነው ካልክ፣ አዎ፣ ኩርፊያ ነው። አሁን ግን የታተመውን አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በማስመሪያ። ያስነበብከኝ ግን አንተ አይደለህም።

ከማላውቃት ኬሚስት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሃያ ዓመት በሙያው የሠራች ሴት ናት። ስሜን ያገኘችው ከአንድ አሮጌ የስብሰባ ጥራዝ ላይ ነው፤ ካንተ ጽሑፍ ሊሆን እንደማይችል ታውቃለህ። እምቢታ ከልክ በላይ ሲሠራባቸው ኩላሊታቸው በጠጠር ለሚሞላ ሕሙማን መድኃኒት ትፈልጋለች። አንተ ባሳየኸው ኪስ ልክ አሥራ አራት ሞለኪውል ሠራች። አንዱም አልገባ አለ። አለቃዋ እጅሽ ነው ብሏታል። እስከ የካቲት 1 ምክንያቱን ካላሳየች ሥራዋ ይዘጋል፣ እሷም ትሰናበታለች። የተረፈ ክሪስታል እንዳለኝ ጠየቀችኝ። «ምናልባት እውነትም የኔ እጅ ይሆናል» ብላ ነው የጨረሰችው። ይህን ቃል ከእንደዚያ ያለ ሰው ማንበብ ደስ አይልም።

ስለዚህ የኪሷን ሥዕል አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የኤንዛይሙ የራሱ ሞለኪውል ሁለት ክንድ፣ ማለትም ዚንክ የሚጨብጥበት ቅርንጫፍ፣ እንዳለው ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይናገራል። አንተ ከዚንኩ አጠገብ ያስቀመጥከው ሦስት አለው። ሦስተኛውን እንዲህ አልፈኸዋል፦ «ያልተጠበቀ የአያያዝ ሁኔታን ያመለክታል።» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ልታየው የፈለግኸውን አየህ፤ የተረፈህን ክንድ «ያልተጠበቀ» አልከው።

ክሪስታሎቼን በምን አጠብካቸው? ምን ጨመርክባቸው? በዝርዝር፣ በጽሑፍ ላክልኝ። ስሜ በዚህ ጽሑፍ ላይ አለመኖሩን ከእንግዲህ እንደ ጸጋ ነው የምቆጥረው።

ታላቅህ


ኅዳር 15

ወንድም ጋሼ፣

ከደብዳቤህ በኋላ የላክኸው አንድ መስመርም ደርሶኛል። አዎ፣ ቢሮዬ ውስጥ የቆሻሻ ቅርጫት አለ። አይ፣ ጽሑፉን እዚያ አልጥለውም።

ክሪስታሎችህን በምንም አላጠብኳቸውም። ምንም አልጨመርኩባቸውም። እንደበረዱ ከላክኸው ሳጥን አውጥቼ ቀጥታ ራጅ ላይ አኖርኳቸው። የነካቸው እጅ ያንተ ብቻ ነው፤ ይህንን ስትሰማ ደስ ሊልህ ይገባል።

ሦስተኛውን ክንድ ካንተ በፊት አይቼዋለሁ። ሳምንታት አብሰልስሎኛል። ስለዚህም ጠየቅሁህ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መጋቢት 3 ቀን፣ «ወንድም ጋሼ፣ በጠብታው ውስጥ መለያው ላይ ካለው ሌላ የገባ ነገር ይኖር ይሆን?» ብዬ ጻፍኩልህ። ቃል በቃል መጥቀስ ትወዳለህና መልስህን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ እገለብጥልሃለሁ፦

«ያለው መለያው ላይ የተጻፈው ነው። እኔ የጻፍኩት መለያ አይጠየቅም። ማንበብ ካቃተህ መነጽር ግዛ።»

መነጽር ገዛሁ። መለያው «አሲቴት» ይላል፤ ፒኤቹን የሚጠብቅልህ ጨው ማለት ነው። አሲቴት አንዲት ክንድ ብቻ ነው ያለችው። ከአንድ ክንድ ሦስት አይወጣም። አንተ ሌላ ነገር የለም ካልክ፣ የቀረው የኤንዛይሙ የራሱ ሞለኪውል ነው፤ ያንን ጻፍኩ። ማንን ልመን ነበር? አንተን አመንኩ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። ደብተርህን ግለጥ።

ታናሽህ


ኅዳር 27

ወንድሜ፣

ገለጥኩ።

ደብተር 11፣ ገጽ 83። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፦ «አሲቴት አልቋል። እስኪመጣ በሲትሬት። ፒኤች 5.6፣ ያው ነው።»

ያው አይደለም። ሲትሬት፣ የሎሚ አሲድ ጨው፣ ሦስት ክንድ አለው፤ ዚንክ ካገኘ ይጨብጣል፣ አይለቅም። ይህንን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

መለያዎቹን ከቀድሞው ሳጥን ላይ ነው የገለበጥኳቸው። ልማዴን ታውቃለህ፤ ሳጥኖች ሁሉ በአንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በአንድ ቁመት ካልተሰለፉ ዓይኔ አይቀበላቸውም። አንዱን ፊት ለፊቴ አቁሜ አሥራ ሁለቱን ቀና ሳልል ጻፍኩ። ደብተሬ እውነት ሲናገር ሳጥኖቼ ውሸት ተናገሩ፤ አንተ ጋ የመጡት ሳጥኖቹ ናቸው።

እማማ ጠርሙስን ጠየቅኋት። «የአሲቴቱ ጠርሙስማ ያኔ ሦስት ሳምንት ተደፍቶ ሲደርቅ ከርሟል» አለችኝ። «ታዲያ ሳጥኑ ላይ ስጽፍ እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ላንተ? አንተ ትናገራለህ እንጂ ይነገርሃል እንዴ!» ብላ ቧንቧውን ከፈተችው።

ከዚህ የባሰው አለ፤ ከኔው ስማው። ከአራት ዓመት መርፌና አቧራ በኋላ የመጡት እነዚያ ወፋፍራም ክሪስታሎች የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። አሁን ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው። ሲትሬቱ ኪሷ ውስጥ ገብቶ ክዳኑን ደግፎ አቆመው፤ ኤንዛይሙ መወዛወዙን ትቶ በሰልፍ ተደረደረ። እኔ ግን እጄ ነው ብዬ አመንኩ። ጢሙ ነው ብዬ አመንኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጎበኘኝ ሁሉ እጄን ሳሳይ ኖርኩ። ከገጽ 83 በኋላ ባሉት ገጾች ላይ አንድም ቦታ «ለምን?» ብዬ አልጻፍኩም።

ይህ ማለት ያንተን ጥፋት አነሳሁልህ ማለት አይደለም። ሦስተኛ ክንድ ካየህ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ነበረብህ። ሰደበኝ ብሎ ጥያቄውን የሚተው ሰው ሳይንስ ሳይሆን ጉርብትና ነው የያዘው። የሰደብኩህ ግን እኔ ነኝ፤ ያንን ከሒሳቡ አላወጣም።

አሁን የሚደረገው አንድ ነገር ነው። ጽሑፉ ይታረም። ሲትሬቱ ሲወጣ ክዳኑ ይወርዳል ብዬ አምናለሁ። ኬሚስቷ አሥራ አራት ሞለኪውል የሠራችው በሲትሬት ተገፍቶ ለተከፈተ ቀዳዳ ነው። የገጹን ፎቶ አያይዣለሁ።

ታላቅህ


ታኅሣሥ 8

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

አዎ፣ እታለም የነገረችህ እውነት ነው፤ አትንገሪው ብያት ነበር። የቋሚ ሹመቴ ጉዳይ የካቲት 10 ይታያል። ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ሥራ ይህ ጽሑፍ ነው፤ ሌላ እዚህ ግባ የሚባል የለኝም። ካልተሾምኩ ውሌ ሰኔ ላይ ያበቃል፤ ከውሉ ጋር የመኖሪያ ፈቃዳችንም። ልጆቹ የሚያውቁት ቤት ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቅህ ሁለት ወር ነው። እርማት አትላክ። ሹመቱ ካለፈ በኋላ «የተሻሻለ መዋቅር» ብለን አዲስ ጽሑፍ እናወጣለን፤ ሲትሬቱም እዚያ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ገጽ 83ን ካንተና ከኔ በቀር ያየው የለም።

ኬሚስቷን በተመለከተ፣ ሃያ ዓመት የሠራች ሰው ሌላ ሥራ አታጣም። አንተም የማታውቃት ሴት ያሳዘነችህን ያህል የእናትህ ልጅ አላሳዘነህም።

ከዚህ ጋር ያለውን ቅጽ ተመልከተው። የጸሐፊዎች ዝርዝር ማስተካከያ ነው። ስምህ ሁለተኛ ሆኖ፣ ከነአባትህ፣ በሙሉ ገብቷል። አራቱም ፈርመዋል፤ እኔም ፈርሜያለሁ። መጽሔቱም ተስማምቷል። የቀረው ያንተ ፊርማ ነው። ጥቅምት ላይ የጠየቅከኝ ይህንን ነበር። ይኸው ሰጠሁህ። ለዚህም ደግሞ ፊት እንዳትነሳኝ።

ታናሽህ


ታኅሣሥ 20

ወንድሜ፣

ቅጹን ፈርሜበታለሁ። አንዱን ቅጂ በቀጥታ ለመጽሔቱ ላክሁ፤ ከትናንት በስቲያ መድረሱን አረጋግጠውልኛል። ሁለተኛው በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው።

ደስ ከማለትህ በፊት ቀጥለህ አንብብ።

የመጽሔቱን ደንብ አንተ ካስተማርከኝ ወዲህ ሙሉውን አንብቤዋለሁ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ፣ በታተመ ጽሑፍ ላይ እርማት ማቅረብ የሚችለው ከጸሐፊዎቹ አንዱ ብቻ ነው ይላል። እስከ ትናንት በስቲያ እኔ «የላቦራቶሪ ሠራተኞች» ነበርኩ፤ ብጽፍላቸው እንደ ቅሬታ አቅራቢ በመዝገብ ይዘው ለስድስት ወር ያንተን አስተያየት ይጠይቁ ነበር። አሁን ሁለተኛው ጸሐፊ ነኝ። ስሜን ለዝምታዬ ዋጋ አድርገህ ላክኸው፤ እኔ ግን ለሌላ ሥራ ነው የተቀበልኩት።

እርማቱን አዘጋጅቻለሁ። ከጽሑፎችህ ሁሉ አጭሩ ነው፦

«በንቁው ስፍራ (በኪሱ) ከዚንኩ ጋር ተይዞ የታየው ሞለኪውል የኤንዛይሙ የራሱ ሞለኪውል መሆኑ ተሰርዟል፤ በክሪስታሉ ጠብታ ውስጥ የነበረ ሲትሬት ነው። የክዳኑ ከፍ ብሎ መቆም ከዚሁ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ለመድኃኒት ሥራ መነሻ ሊሆን አይገባም። ስህተቱ የመጣው ክሪስታሎቹን ያዘጋጀው ሁለተኛው ጸሐፊ የሳጥኖቹን መለያ በስህተት ስለጻፈና ሲጠየቅም ሳያጣራ ስለመለሰ ነው።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳትነካው። አለስልሰህ «የግንኙነት ክፍተት» ምናምን ብትለው አልፈርምበትም።

የእናትህ ልጅ አላሳዘነህም ብለሃል። አሳዝኖኛል። ደብዳቤህን ይዤ ሦስት ቀን ቀዝቃዛው ክፍል አልገባሁም፤ እማማ ጠርሙስ ታመህ ነው ወይ ብላ ሁለት ጊዜ መጥታ አይታኛለች። ልጆችህ የሚያውቁት ቤት ያ ብቻ መሆኑንም አንብቤያለሁ። ግን የምትለምነኝን አስተውለው። የኔን ስህተት አንዲት ሴት በእጇ ላይ ተሸክማው እንድትወጣ ነው። ከሥራ ብትባረርልህ፣ «እጇ ነው» የተባለው ነገር ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። እጅህ ነው መባል ምን እንደሆነ ካሁን በኋላ እኔ አውቃለሁ፤ የኔው ደግሞ እውነት ነበር።

ትናንት ጻፍኩላት። ያንተን ስም አላነሳሁም። እጅሽ አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው የኔ ነው፣ ጠብታው ውስጥ የነበረው ይህ ነው ብዬ የገጹን ቅጂ ላክሁላት። ለአለቃዋ ግን የአንድ ሽማግሌ ደብዳቤ አይበቃም፤ የታተመ እርማት ነው የሚያሳምነው። መጽሔቱ አሥር ቀን ይፈጃል። ከየካቲት 1 አሥር ቀን ቀንስ። ለፖስታና ለማይታወቅ ነገር ደግሞ አምስት ቀን ቀንስ።

ለኮሚቴህም ለብቻ ደብዳቤ ጽፌ አያይዣለሁ። ስህተቱ ከየት እንደመጣ፣ አንተ ጠይቀኸኝ እኔ እንዴት እንደመለስኩልህ፣ የመጋቢት 3ቱን ቃል ሳይቀር ገልብጬበታለሁ። ስህተቱን በገዛ እጁ ያረመ ሰውና ተይዞ የታረመበት ሰው አንድ ዓይነት አይታዩም፤ የመጀመሪያውን እንድትሆን የቀረህ ጊዜ አለ። ታቀርበው አታቀርበው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ ያልኩት ከተጠየቅኩ የምምለው ነው።

ይቅርታህን አልጠየቅኩም፤ አንተም የኔን አልጠየቅክም። ያንን ሌላ ጊዜ፣ ፊት ለፊት ስንገናኝ እንጣላበታለን።

አሁን የምፈልገው መልስ ነው። በስልክ አይደለም። በእህታችን በኩል አይደለም፤ እሷ የኛን ነገር ማመላለስ ደክሟታል። በጽሑፍ፣ በፊርማህ፦ እርማቱን አብረኸኝ ትልካለህ ወይስ አትልክም? እስከ ጥር 15 እጄ ይግባ። ጥር 16 ቀን ጠዋት፣ ቢሮው ሲከፈት፣ በሁለት ስም ወይም በአንድ ስም ይላካል።

ታላቅ ወንድምህ